ኬልቪን የማይሰማት ጥይት

«ከዚህም ዝቅ ያለ ድምፅ ያለው ካለህ አውጣ» አለች ቬርና።

ትሬቨር ሦስተኛውን የጥይት ካርቶን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። በአሌክሳንድራ ከተማ ጥይት፣ የዓሣ መንጠቆና የጎማ ቦት ሲሸጥ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ደንበኞቹን ከስማቸው ይልቅ በጠመንጃቸው ያውቃቸዋል።

«ከዚህ ዝቅ ያለ አንድ አለ። ድንጋይ ይባላል።»

«አትቀልድብኝ።»

«እሺ ስሚ። ይኼኛው ኬልቪን የሚገዛው ነው። ፈጣን ነው፤ ድምፅን ይቀድማል፤ ስለዚህ አፈሙዙን ከለቀቀ በኋላም አየሩን እንደ ጅራፍ ያስጮኸዋል። የጠመንጃው ጫፍ ላይ ያለው ድምፅ ማፈኛ ባሩዱን ያፍናል እንጂ ጅራፉን አያስቀርልሽም። መካከለኛው ቀርፋፋ ነው። በማፈኛው ስትተኩሺው ጎረቤት በሩን ቀስ አድርጎ የዘጋ ነው የሚመስለው። አረሩ ጫፉ ቀዳዳ ነው፤ ገብቶ ይከፈታል። ጭንቅላቷን ካገኘሽ ጥንቸሏ ምን እንደነካት ሳታውቅ ትሄዳለች።»

«ሦስተኛውስ?»

«እሱ ማስነጠስ ነው። ከአሥራ አምስት ሜትር ወዲያ ግን ያስቀይማታል እንጂ አይገድላትም።»

ከኋላዋ ተራ የሚጠብቅ ሽማግሌ ገበሬ ሳል መሰል ሳቅ ሳቀ። «ቬርና፣ ባንክ ልትዘርፊ ከሆነ እኔንም ጥሪኝ። መኪና እነዳለሁ።»

«አንተ ስትነዳ ፖሊሱ በእግሩ ይደርስብናል» አለችው፤ ዘወርም አላለችም።

መካከለኛውን ወሰደች። ትሬቨር የጠመንጃ ፈቃዷን እያየ፣ «ኬልቪን እንዴት ነው?» አላት።

«እንደዚያው ነው።»

«የጠመንጃውን መነጽር ማስተካከል እንዳትረሺ። ኬልቪን ያስተካከለው ለፈጣኑ ነው። ቀርፋፋ ጥይት ይወርዳል። በስልሳ ሜትር ሦስት ጣት ያህል ይወርድብሻል።»

«እሺ» አለች። ያኔ ስትለው ከልቧ ነበር።

ባሏ ኬልቪን በመጋቢት ነው የወደቀው፤ የበግ ጋጣው በር ላይ፣ ቁልፉን እንደያዘ። ቀኝ ጎኑ ከዳው፤ ንግግሩም አብሮ ሄደ። ከሆስፒታል ሲመለስ አልጋውን ሳሎን መስኮቱ ሥር አስገቡለት፤ ቁልቁለቱን እንዲያይ። በቁልቁለቱ ላይ የሚያየው ጥንቸል ነው፤ የበጎቹን ሣር የሚጨርስ ተባይ። እሱ በእግሩ ቆሞ ሲሄድ በየጠዋቱ ስድስት ሰባት ይገድል ነበር፤ ከወደቀ በሦስት ወር ውስጥ ኮረብታው የሚንቀሳቀስ መሰለ። በሰኔ ከወረዳው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ፦ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ቁጥራቸውን ካልቀነሳችሁ የራሳችንን ሰዎች ልከን መርዝ የነካው ካሮት እንበትናለን። ኬልቪን አርባ ዓመት በዚያ መሬት ላይ መርዝ አላስገባም። «ሦስት ቀን ሙሉ የሚያጣጥር እንስሳ ለማየት ካማረኝ አማቼን እጋብዛለሁ» ይል ነበር፤ ቬርና ባለችበትም።

ስለዚህ ቬርና የእሱን ጠመንጃ አነሳች። የመጀመሪያ ቀን በእሱ ጥይት ተኮሰች። ጅራፉ ሸለቆውን ዞሮ ሲመለስ ቤት ውስጥ ኬልቪን አፉን ከፍቶ አለቀሰ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ድምፅ ሳያወጣ።

ሳምንት በሳምንት የምትመጣው ነርስ ነገሩን አቅልላ ነገረቻት። «እንባው የሐዘን ላይሆን ይችላል። የተጎዳው የጭንቅላቱ ክፍል ነው እንዲህ የሚያደርገው። አንድ በሽተኛ አለኝ፣ የአየር ጠባይ ዘገባ በሰማ ቁጥር ያለቅሳል።»

«ታዲያ ኬልቪን ለምን እንደሚያለቅስ በምን ልወቅ?»

«አታውቂም፣ የኔ እመቤት» አለች ነርሷ፤ ደም ግፊት መለኪያዋን እየጠቀለለች።

ቬርና መልሱን ስታጣ ጥያቄውን ልትሸሽገው ወሰነች፦ ተኩሱን እንዳይሰማ።

ጥይቱን በገዛችበት ቀን ማታ ጠመንጃውን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አጋደመችና የማነጣጠሪያ መነጽሩን ብሎን አየች። በዚያ አገር የሰው መነጽር ብሎን መንካት የሰው ጥርስ ብሩሽ እንደ መጠቀም ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በትዳር ኖራለች። መኪናውን ነድታለች፣ ሹራቡን ለብሳለች፣ በሌለበት ፊርማውን ፈርማለች። ብሎኑን ግን ነክታ አታውቅም። ከነካችው ጠመንጃው የእሷ መሆኑ ነው፤ የእሷ ከሆነ ደግሞ እሱ አይነሳም ማለት ነው። «ሦስት ጣት ከፍ አድርጌ አነጣጥራለሁ» አለች ለድመቷ። ድመቷ አልተቃወመችም።

ጠዋት አጃውን አጉርሳ፣ አገጩን ጠርጋ፣ ሬዲዮኑን ከፈተችለት።

«በጎቹን አይቼ መጣሁ።»

አያት። በደህናው ጊዜም ስትዋሽ እንዲሁ ነበር የሚያያት፤ እስክትጨርስ።

ውርጩ መሬቱን አጠንክሮታል። ከአጥሩ ማዶ በደረቷ ተኛች። ስልሳ እርምጃ ላይ አንዲት ጥንቸል ጆሮዋን ቀስራ ፀሐይ ትሞቃለች። ቬርና ጭንቅላቷን አነጣጠረች፤ ከዚያ ከፍ አደረገች፤ ግን ሦስት ጣት በመነጽር ውስጥ የማን ጣት ነው? ገምታ ምላጩን ሳበች።

ትሬቨር አልዋሸም። በር ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ከዚያ ጥንቸሏ ጮኸች።

ጥንቸል ዕድሜዋን ሙሉ ድምፅ የላትም። አንድ ቀን ብቻ አላት፤ ያን ቀን እንደ ሕፃን ትጮኻለች። ከጅራፍም፣ ከመድፍም ይልቅ ርቆ ይሰማል። መንጋጋዋ ተንጠልጥሎ እየዘለለች ጉድጓዷ ገባች፤ ጩኸቱም አብሯት ገባ፣ ከመሬት ሥር ቀጠለ። ቬርና ሮጣ ደርሳ እጇን እስከ ትከሻዋ ከተተች። አፈር ዳሰሰች፤ ሥር ዳሰሰች። ጩኸቱ ራቀ እንጂ አላቆመም።

ቤት ስትገባ ሬዲዮኑ ስለ ሱፍ ዋጋ ያወራል። ኬልቪን ግን ዓይኑ በሩ ላይ ነው። አላለቀሰም። ፊቱ ደረቅ ነው።

«በጎቹ ደህና ናቸው» አለች።

ደህናውን እጁን አንስቶ የአልጋውን ብረት መታ። ቂው! ደግሞ መታ።

«እሺ። እሺ፣ ጥንቸል ናት። መንጋጋዋን አገኘኋት።»

እጁን ከአገጩ ሥር አደረገና ወደ ታች ጎተተው፤ ወርዶብሻል ማለቱ ነው።

«አውቃለሁ! አውቃለሁ ወርዷል። ጉድጓድ ገባችብኝ፣ ኬልቪን። አልደረስኩባትም።»

ዓይኑን ጨፈነ።

ወጥ ቤት ሄዳ ትሬቨር ዘንድ ደወለች። «መንጋጋዋን የተመታች ጥንቸል ምን ትሆናለች?»

«መነጽሩን አላስተካከልሽም።»

«የጠየቅኩህ ሌላ ነው።»

መስመሩ ላይ ደንበኛ ሲገባ የሚያቃጭለው የሱቁ በር ደወል ተሰማ። «አትበላም፣ አትጠጣም። ሁለት ቀን። ውርጩ ከበረታ አንድ።»

«ምንም ማድረግ አይቻልም?»

«ለእሷ? አይቻልም። ለሚቀጥለው ነው የሚቻለው።»

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ተሽከርካሪ ወንበሩን አምጥታ ኬልቪንን አቅፋ አስቀመጠችው፤ እሱ ከበድ ያለ ሰው ነው፣ እሷ ደግሞ የወገብ ሕመም አለባት፣ ሁለቱም አቃሰቱ። በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወደ በረንዳው አወጣችው። ባዶ የአጃ ካርቶን መሐል ላይ በከሰል ክብ ሥላ ስልሳ እርምጃ ቆጥራ አጥሩ ላይ ሰካችው። ተመልሳ ከወንበሩ አጠገብ በአንድ ጉልበቷ ተንበረከከች።

«እተኩሳለሁ። ትሰማለህ። ከእንግዲህ በስተጀርባህ አልተኩስም» አለችው።

ተኮሰች። ቀዳዳዋ ከክቡ ሦስት ጣት ዝቅ ብላ ካርቶኑ ግርጌ ላይ ወጣች።

ኬልቪን አፉን ከፈተ። እንባው መጣ፤ አገጩ ድረስ ወርዶ ብርድ ልብሱ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር።

«ላስገባህ?»

አለቀሰ።

«ልቀጥል?»

እንደዚያው አለቀሰ። ፊቱ ላይ አዎም የለም፣ አይደለምም የለም። ትንፋሹ በብርዱ እየጨሰ ዓይኑን ካርቶኑ ላይ ተክሏል፤ ወይም ዓይኑ የዞረው ወደዚያ ብቻ ይሆናል። የቬርና መሐረብ እጅጌዋ ውስጥ ነበር። ጣቷ እስከ ጫፉ ሄደ።

መሐረቡን ትታ የመነጽሩን ብሎን ያዘች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ጠቅ አደረገችው፤ እንባው እየወረደ ሁለተኛውን ጥይት አጎረሰች።