አባታችን ያልሰሙት ቤዝ

ወንድሜ ይሄይስ ቤዝ ጊታር ይመታል። ይህን ተናግሬ ወዲያው የተረዳኝ የአገሬ ሰው የለም። "ዘፋኝ ነው?" ይሉኛል። አይደለም። "ክራር ነው እንዴ?" ክራርም አይደለም። "ያ ከላይ ቅጭልጭል የሚለው ጊታር ነዋ!" እሱም አይደለም፤ እሱን ሌላ ሰው ነው የሚመታው። እኔ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ሚኒባስ የምነዳ ሰው ነኝ፤ ከተሳፋሪ ጋር ስከራከር የምውል። በይሄይስ ሥራ ግን ክርክሩ ሰለቸኝና "አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ደህና ነው" ብዬ መገላገል ለመድኩ።

ቤዝ ማለት አራት ወፋፍራም ክሮች ያሉት ጊታር ነው። ዜማውን አያነሳም፤ ከሥር ከሥር ይሄዳል። ይሄይስ የሚወደው ደግሞ ፈንክ የሚሉትን ሙዚቃ ነው፤ እዚያ ቤት አባወራው ቤዙ ነው። በአውራ ጣቱ ክሩን ይመታዋል፣ በሌባ ጣቱ ይነጥቀዋል፤ አንተ ሳታስበው ወገብህ መንቀሳቀስ ይጀምራል።

እንዴት እንደያዘውም ልንገራችሁ። ከፈረስ ቤት ወጣ ብሎ ካለው ቀበሌያችን ተነስቶ ፍኖተ ሰላም ለትምህርት ሲወርድ የወጣቶች የሙዚቃ ክበብ ገባ። ጊታሩን ተሻሙት፣ ኪቦርዱን ተሻሙት፣ ማይክራፎኑንማ ተደባደቡበት። ማንም ያልፈለገው ቤዙ ጥግ ላይ ቆሞ ቀረ። ይሄይስ ከልጅነቱም መሻማት አይወድም፤ የተረፈውን አነሳ። በዚያው ቀረ። አዲስ አበባ ሄዶ መጀመሪያ የባንድ ዕቃ ተሸከመ፣ ቤዝ የሚመታው ሰው ሲታመም ምትክ ሆነ፣ ኋላም ቦታው የእሱ ሆነ። ከፊቱ ስንትና ስንት ዘፋኝ መጣ፣ ሄደ። እሱ ከድራሙ አጠገብ እንደቆመ ነው። ባሕር ማዶ ተጫውቶ ተመልሷል። ከጓደኞቹ ጋር የጎጃምን ምት ከፈንክ ያዋደዱበት አልበም አውጥተዋል፤ ሙዚቃ የሚያውቁ ሰዎች ስሙን ሲያነሱ በአክብሮት ነው። ፀጉሩ ግን ሸበተ፣ ትዳርም አልያዘ።

አባታችን አያ ገነነ ገብስና ድንች የሚያመርቱ ገበሬ ናቸው። በወረዳችን በደጋ ዳሞት የሚታወቁት ግን በምስክርነታቸው ነው። የድንበር ክርክር ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ያላዩትን አየሁ፣ ያልሰሙትን ሰማሁ ብለው አያውቁም። ድንበሩን በእግራቸው ሳይዞሩ፣ ድንጋዩን በእጃቸው ሳይነኩ ቃል አይሰጡም። የገዛ ወንድማቸው በተከሰሰ ጊዜ እንኳ "ድንጋዩ ሲተከል አላየሁም" አሉ፤ አጎታችን ተረታ፣ ለዓመታትም አኮረፈ። አባባ ግድም አልሰጣቸው።

እንግዲህ ይሄይስ አዲስ ዘፈን በወጣ ቁጥር በስልኬ ይልካል። ፈረስ ቤት ስወጣ ስልኩን አባባ ጆሮ ላይ እይዛለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ።

"ይኸ የሚያለቅስ እሱ ነው?"

"አይደለም አባባ፣ እሱ ሳክስፎን ነው።"

"ይኸ የሚንጫጫውስ?"

"እሱ ጊታር ነው፣ የሌላ ሰው።"

"የእሱ የቱ ነው ታዲያ?"

የእሱ የለማ! የስልክ ድምፅ ማውጫ ምስር ታክላለች፤ ቤዝ አታወጣም። የሚኒባሴም ስፒከር ከተቀደደ ቆይቷል፤ ጩኸቱን እንጂ ሌላውን አይሰጥህም። ቀበሌያችን ደግሞ መብራት የለውም፤ ትልቅ ስፒከር ተሸክመህ ብትወጣ የምትሰካበት የለህም። አባባ ስልኩን ይመልሱልኝና "አልሰማሁትም" ይላሉ። ቁጣም ንቀትም የለበትም፤ የሆነውን ነው የሚናገሩት። ይሄይስን ግን ይህ "አልሰማሁትም" ያቃጥለው ነበር። "አዝማሪ ሆንክብኝ ብለው ቢረግሙኝ በተሻለኝ፤ ሽማግሌ ልኬ እታረቅ ነበር" አለኝ አንድ ቀን። እውነቱን ነው። አልሰማሁህም ያለህን ሰው በምን ትታረቀዋለህ?

ነገሩ የከረረው ያምሮት የመጣች ጊዜ ነው። ያምሮት ቡሬ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ ረጋ ያለች ሴት ናት። ባንዱ እዚያ ለተማሪዎች ሲጫወት ተዋወቁ። ሌላው ሰው ዘፋኙን ከቦ ፎቶ ሲነሳ እሷ መጥታ "ያንን ከሥር የሚሄደውን የምትመታው አንተ ነህ?" አለችው። አለቀ። ወንድሜ ያን ቀን ደውሎ "ወንዳወቅ፣ አንዲት ሴት ሰማችኝ" አለኝ።

አባቷ አቶ ቸኮለ ከቡሬ ወጣ ብለው የሚያርሱ፣ ከአዊ ወገን የሆኑ ኮስታራ ሰው ናቸው። እኔና ሁለት ሽማግሎች ሄደን ልጅዎን ለልጃችን አልናቸው። የጠየቁን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምን ይሠራል? እኛም አንዳችን ጊታር ስንል፣ አንዳችን ሙዚቃ ስንል፣ አንዳችን "የራሱ ሥራ ነው" ስንል ተምታታን።

"እንግዲህ ጎረቤቱን እንዳልጠይቅ አገሩ ሩቅ ነው" አሉ አቶ ቸኮለ። "አለቃውን እንዳልጠይቅ አለቃ የለውም አላችሁኝ። የወለደው አባቱ ይምጣ። ከፊቴ ቁሞ ሥራው ይህ ነው ይበለኝ። ስለ አያ ገነነ ምስክርነት እዚህ ድረስ ሰምቻለሁ።"

እንደ ወጉ አባት ሽማግሌ ይልካል እንጂ ራሱ አይሄድም። አባባ ግን ነገሩን ስነግራቸው አላንገራገሩም።

"እሄዳለሁ። ጨዋነቱን እመሰክራለሁ፤ እናቱን ሲያስታምም አይቻለሁ። ሥራውን ሲጠይቁኝ ግን አልሰማሁትም ነው የምል።"

"አባባ፣ በእመቤታችን! ጊታር ይመታል ማለት ምን ያቅትዎታል?"

"ይዞት ቁሞ አይቻለሁ፣ በፎቶ። ሲመታ አልሰማሁም።"

ደሜ ፈላ። ሌላ ሰው ቢሆን እሰድበው ነበር፤ አባቴን ምን አባቴ ላድርግ? ያምሮትም ቁርጧን ተናግራለች፤ ያለ አባቷ ምርቃት አታገባም። አቶ ቸኮለ አባትየውን ካልሰሙ አይመርቁም፤ አባትየው ልጁን ካልሰሙ አይናገሩም። ወንድሜ መሐል ቤት ቀረ።

ጥር ላይ የአክስታችን ልጅ እንቁ ፍኖተ ሰላም ልትዳር ሆነ። በዚያ ሰሞን መንገዱም ሰላም ነበርና ይሄይስ ባንዱን ይዞ፣ ትልልቅ ስፒከሮች ጭኖ መጣ። አባባ እንዲሰሙ ብለህ ነው ወይ ብዬ ብጠይቀው "ለእንቁ ስጦታ ነው" አለኝ። ውሸቱን ነው። ስፒከሮቹን ሲያስተካክል ዓይኑ አባባ የሚቀመጡበትን ቦታ እየለካ ነበር።

ሙዚቃው ተጀመረ። ዳሱ ተናጋ። እኔ ራሴ፣ ስንት ጊዜ በስልክ የሰማሁትን ዘፈን፣ እንደ አዲስ ሰማሁት፤ አግዳሚው ወንበር ከሥሬ ይንቀጠቀጣል። አባባ ከሽማግሎቹ ጋር ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ይሄይስ እየመታ አሻግሮ ያያቸዋል። የመጀመሪያው ዘፈን ሲያልቅ ሄጄ "እህስ?" አልኳቸው።

"ድምፁ በዛ" አሉ። "ሁሉም ባንድ ላይ ነው። የእሱን አልለየሁትም።"

ይሄይስ ከመድረኩ ሆኖ ከንፈራቸውን አነበበ መሰለኝ፣ አንገቱን ደፋ። ስልኩ ነው ስንል ኖረን፣ ይኸው ከነስፒከሩ መጥቶም አልተሰማም።

ሁለተኛው ዘፈን መሐል ላይ አክስታችን ደስታነሽ ድስት ተሸክማ በመድረኩ ጥግ ስታልፍ እግሯ ገመድ ጠለፈ። ድስቱ ተረፈ፣ ገመዱ ግን ከይሄይስ ጊታር ተነቀለ። ዘፋኙ አላወቀም፣ ይዘፍናል። ድራሙ ይመታል፣ ኪቦርዱም አለ። ጨፋሪው ግን ግራ ተጋባ። ትከሻው ላላ፣ አንዱ የአንዱን እግር ረገጠ፣ ሙሽራዋ ሳይቀር ቆም ብላ ዙሪያዋን አየች። ሰው ሁሉ አንድ ነገር እንደጎደለ ያውቃል፣ ምን እንደሆነ ግን አያውቅም።

አባባ ብድግ አሉ።

"ምን ሄደ?" አሉኝ።

ይሄይስ ጎንበስ ብሎ ገመዱን ሰካ። ከሥር ያ ወፍራም ድምፅ ሲገባ ዳሱ እንዳለ ነፍስ ዘራ።

"መጣ!" አሉ አባባ። ከዚያ ዱላቸውን ይዘው በጨፋሪዎቹ መሐል ሰንጥቀው መድረኩ ሥር ደረሱ። ልጃቸው ፊት ቆመው ጣቶቹን አዩ። "እስቲ ተወው" አሉት። ይሄይስ እጁን አነሳ፤ ጨፋሪው ላላ። "መልሰው።" መታ፤ ጨፋሪው ተነሳ። "ተወው።" ተወው። "መልሰው።" ድንበር የሚያረጋግጡ ይመስል ሌላውን ሁሉ ረስተው ከዳር እስከ ዳር ዞሩት። ሰርገኛው ጨዋታ መስሎት ይስቅ ነበር። ይሄይስ ግን አልሳቀም፣ ሲያስተዉትም ሲያስጀምሩትም ዓይኑን ከአባቱ ፊት አልነቀለም። አባባ ሲበቃቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

በማግሥቱ ጠዋት "ቡሬ መቼ ነው የምንሄድ?" አሉኝ። ምን ሊሉ እንዳሰቡ ብጠይቃቸው አልነገሩኝም።

የቀጠሮው ቀን ይሄይስን ወደ ነቀምት በሚታጠፈው መንገድ ጥግ ሚኒባሱ ውስጥ ትተነው ገባን፤ አባባ፣ አንድ ቄስና እኔ። አቶ ቸኮለ ተቀመጡ አሉን። ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥምና ቆመን ቀረን።

"እሺ፣ አያ ገነነ" አሉ አቶ ቸኮለ። "የልጅዎ ሥራ ምንድን ነው?"

አባባ ዱላቸውን መሬት አስደግፈው ተናገሩ።

"ልጄ አይዘፍንም። ፊት ሌላ ሰው አለ፤ እሱ ከኋላ ነው የሚቆም። ሥራው እያለ አይታወቅም፤ ሲሄድ ነው የሚታወቅ። እሱ ሲተወው ዘፋኙም ጨፋሪውም የሚረግጡት ያጣሉ። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አስትቼው አይቻለሁ፣ አስጀምሬው አይቻለሁ።" የጨረሱ መስሎኝ ነበር። "ሌላም አለ። ይህን ሁሉ ዘመን አልሰማሁህም ስለው ኖሬአለሁ። እውነቴን ነበር፤ ግን ጥፋቱ የኔ ነው። እሱ አንድ ቀን እንኳ ስሙኝ ብሎ አልጮኸብኝም። ዝም ብሎ ሥራውን ሠራ። አባቱ ሳይሰማው እንዲህ የጸና ሰው ቤት ያቆማል። በልጅዎ ላይም አይጮህም።"

አቶ ቸኮለ ራሳቸው ተነስተው ለአባባ ወንበር አቀረቡ። ተቀመጥን። ተሰጠን ማለት ነው።

ስንወጣ ቄሱ እዚያ የተባለው እዚያው ይቅር አሉ፤ ሽማግሌ የተናገረው በየመንገዱ አይዘራም። እኔም አንገቴን ነቀነቅኩ። ቄሱ እዚያው ቡሬ ዘመድ ጋ ቀሩ። ይሄይስ ስንመጣ ሲያየን ከሚኒባሱ ወርዶ ቆመ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ሰጡን" አሉት አባባ፣ እና ከፊት ወንበር ገቡ።

ይሄይስ የአባባን ጉልበት ሳመ። ከኋላቸው ተቀምጦ ትንሽ እንደሄድን ግን አላስቻለውም። "ሥራውን ምን አላችኋቸው?" አለ ቀስ ብሎ። እኔን ይጠይቅ፣ አባባን ይጠይቅ አይታወቅም።

አባባ መንገዱን ያያሉ። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል አልፈጠረብኝም። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን ቃል አባቱ አሁን ተናግረውለት፣ እሱ ብቻ ሳይሰማው ሊቀር ነው? ወጉም ቄሱም ይቀየሙኝ ብዬ አፌን ከፈትኩ። የፈለግኩት ግን ከእኔ አፍ እንዲሰማው አልነበረም።

"አባባማ 'ልጄ ጊታር ይመታል፤ ጎበዝ ነው ይላሉ' አሉ" አልኩ።

አባባ ወደ እኔ ዞሩ። "አላልሁም።"

"ብለዋል እንጂ።"

"እንዲያ አላልሁም! ይላሉ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። የሰማሁትን ነው የተናገርሁ።"

"እኔ እንግዲህ ሌላውን ረስቼዋለሁ" አልኩ፣ መሪውን ይዤ።

አባባ በወንበራቸው ላይ ተጠምዝዘው ወደ ኋላ ዞሩ፤ ልጃቸውን ፊት ለፊት አዩትና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ልጄ አይዘፍንም፣ ፊት ሌላ ሰው አለ፣ እሱ ከኋላ ነው የሚቆም። አንድ ቃል አልጣሉም። ጥፋቱ የኔ ነው የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ አልዘለሉትም ግን።

"ኧረ አባባ!" አለ ይሄይስ። "የእርስዎ ጥፋት አይደለም እኮ። ስልኩ ነው። ስልክ ቤዝ አያወጣም።"

"ስልኩ አልወለደህም" አሉት አባባ።

ይሄይስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ አባባም እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቱን ያዙት። እኔም ማንኩሳ ሳንደርስ መኪናውን ጥግ አስይዤ አቆምኩ፤ እንባዬ መንገዱን አላሳይ አለኝ።