አልነሳ ያለው መኪና

«አሁንስ ተቀመጪ በቃ!» አላት ወንድሟ በሹክሹክታ። «ሰው ይታዘብሻል።»

ልጅቷ ግን መቀመጥ አልሆነላትም። አባቷ ከተቀበሩ ወዲህ እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏል፤ ለለቀስተኛ ወንበር ታወጣለች፣ ያወጣችውን መልሳ ታስገባለች፣ ያልቆሸሸ ብርጭቆ ታጥባለች። «እግዜር ያጽናሽ» ሲሏት እንኳ ዓይኗ በመስኮቱ አሻግሮ ያያል። ውጭ፣ አጥሩን ተጠግቶ፣ የአባቷ አሮጌ የጭነት መኪና ቆሟል።

«ከሰዓት በኋላ የብረት ነጋዴው መጥቶ ይጎትተዋል» አላት ወንድሟ። «አዲስ ባትሪ ገዝቼ ሞክሬዋለሁ፤ አልነሳም። የሞተ ነገር ነው።»

«ማን ነው የሞተ ያለው?»

ድምጿ ከፍ ማለቱን ያወቀችው ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ነው።

«ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቶባት ነው» አለች አንዷ አክስት ለሌላዋ።

አባቷን ሾፌር ሁሉ «ቀስ በል» እያለ ነበር የሚጠራቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሲነዱ ሌላ መኪና ቀድመው አያውቁማ። የሚቸኩሉት ለቁጣ ብቻ ነው። ልጃቸው የመኪና ኤሌክትሪክ ልትማር ጋራዥ መግባቷን በሰሙ ቀን፣ «መኪና ሥር የምትጋደም ሴት ልጅ ወለድኩ?» ብለው ቤቱን ቀወጡት። በኋላም የመኪናቸውን ሽቦ ልታይ ጠጋ ስትል፣ ሾፌሮቹ ፊት «እጅሽን አንሺ!» ብለው ጮኹባት። ሻንጣዋን አንጠልጥላ ሌላ ከተማ ገባች። ከዚያ ወዲህ በስልክ «ደህና ነህ?»፣ «ደህና ነኝ» ከመባባል አላለፉም።

የመሣሪያ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ወንድሟ ተከተላት።

«ለቅሶ ቤት ጥለሽ?»

«ጋቢና ግባና ስልህ ቁልፉን አዙር።»

እያጉረመረመ ገባ። አዞረው። ጧ! አንዴ ብቻ። የዳሽቦርዱ መብራት ደበዘዘ።

ባትሪውን በቴስተር ለካችው፤ ሙሉ ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በመኪናው የብረት አጽም፣ በሻንሲው፣ አንድ ያልተቀባ ቡሎን ላይ አሳረፈችና «ድገመው፣ አትልቀቅ!» አለች። ዜሮ አጠገብ መቆም የሚገባው ቁጥር ሽቅብ ዘለለ።

«ጥፋቱ የማስነሻው፣ የሞተሪኖው አይመስለኝም» አለች። «ኤሌክትሪኩ መሄጃ አለው፤ መመለሻ ነው ያጣው።»

ከኋላዋ ሳል ሰማች። የአባቷ የልብ ወዳጅ፣ ጡረታ የወጡት ሾፌር ነበሩ።

«አባትሽ በጋውን ሙሉ መኪናውን ሲቀባ ከረመ» አሏት። «ከባትሪው ወደ ሻንሲው የሚሄደውን ወፍራም ሽቦ፣ ካቦውን ሳይቀር ፈትቶ ከሥሩ ቀባው። ‹ይኼን ደግሞ ማን ያየዋል?› ብለው፣ ‹የምታይ አለች› አለኝ። መልሶ ካሰረው ወዲህ መኪናው እምቢ አለ። መካኒክ ላምጣ ስለው፣ ‹ማንም እንዳይነካብኝ፤ ባለሙያዋ ስትመጣ ታየዋለች› ይለኛል።»

«ባለሙያዋ ማን ናት?»

«አይ ልጄ! ማን ትሆናለች?»

ቴስተሩን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች። «ታዲያ አባዬ ለምን አልደወለልኝም?»

«ቀስ በል አይደል እንዴ?» አሉ ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ። «ነገ፣ ነገ እንዳለ ሞት ቀደመው።»

በጥቁር ቀሚሷ መኪናው ሥር ገባች። ቡሎኑን ፈትታ ካቦውን ገለል ስታደርገው፣ አረንጓዴው ቀለም ብቅ አለ፤ ወፍራም፣ አንድ ጭረት የሌለበት። የብሩሹ መስመር ሳይቀር ይታያል። ሞረዱን አውጥታ ቆየች። ልትፍቀው ነው። ቀለም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ሌላ መላ የለውም።

ብረቱ እስኪያበራ ፋቀችው።

ካቦውን መልሳ አጥብቃ አሰረችና ወንድሟን አስወርዳ ራሷ ጋቢና ገባች። ቁልፉን ስታዞረው መኪናው አንዴ አጓራ፣ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋና ተነሳ። ከቤት ውስጥ ዋይታ ፈነዳ። ወንድሟ ፊቱን በሁለት እጁ ጠርጎ ስልኩን አወጣና ነጋዴውን «ይቅር፣ አትምጣ» አለው።

የግቢው በር ተከፈተ። እናቷ ነበሩ፣ በባዶ እግራቸው። ያንን ድምፅ በሰሙ ቁጥር ወጥተው መክፈት የኖሩበት ልማድ ነው። ሁለቱንም መዝጊያ ገፋ ገፋ አደረጉና ጥግ ይዘው፣ ወደ ጋቢናው ቀና ሳይሉ፣ በእጃቸው ይጠሩ ጀመር።

«ና፣ ና… ትንሽ ወደ ግራ አድርገው… ና…»

ተከትለዋቸው የወጡት ሴቶች አፋቸውን ያዙ። ልጅቷ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ አዞረች።