የተሰረጎደው በር

"ፍል ውሃውን አምጪው እንጂ! ቀዘቀዘ እኮ!"

አዋላጇ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ከወጥ ቤት ወጣች። ባሏ በቀይዋ መኪና የሾፌር በር ፊት ተንበርክኮ፣ የተደፈነ ቱቦ የሚከፈትበትን ባለ እጀታ ላስቲክ ስርጉዱ ላይ ለጥፎ ይታገላል። ጠዋት ከተነሳ ጀምሮ አፉ አላረፈም። ስድስት ሰዓት ላይ ታላቅ ወንድሟ ለምሳ ይመጣል፤ ስርጉዱ ከዚያ በፊት መጥፋት አለበት።

"አፍስሺ። ዳር ዳሩን! እጄን ልትቀቅይው ነው?"

አፈሰሰች። እጁንም አየችው፤ ለአፍታ ማንቆርቆሪያውን ዘንበል ማድረግ አማራት።

ከትናንት ወዲያ ተረኛ ነበረች። ምጥ የጠናባትን ሴት ጥላ መውጣት አልሆነላትምና ሁለት ሰዓት ዘግይታ ገባች። ባሏ ግቢው ውስጥ ቆሞ ጠበቃት። "ቁልፉን አምጪ! ከነገ ጀምሮ መኪና የሚባል ነገር የለም!" አላት። ዓይኑን ስታየው ከመኪናዋ ከመውረድ ይልቅ በሩን ከውስጥ ቆለፈች። ያኔ ነው በእርግጫ ያለው። ንዝረቱ ጭኗ ድረስ ተሰማት።

"ወንድምሽ ከጠየቀ ምሰሶ ነው በይው" አለ፣ ላስቲኩን እየሳበ።

"ምሰሶ ጫማ ያደርጋል?"

ዞር ብሎ አፈጠጠባት። "ነገር አትፈልጊ። ቆርቆሮ ነው የመታሁት። አንቺን ነካሁሽ?"

"በሩን ከፍቼልህ ቢሆንስ?"

"ብከፍት፣ ብዘጋ! ገበናዋን አደባባይ የምታሰጣ ሴት ትዳር አይበረክትላትም።"

ባሏ እግሩን ተክሎ ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበ። ቆርቆሮው "ጷ!" ብሎ ተነሳ።

"ይኸው! ጋራዥ ምን ያደርጋል? ከፋብሪካ የወጣ መሰለ!" ጮቤ ሊረግጥ ምንም አልቀረውም።

ጎንበስ ብላ አየችው። እውነትም ተነስቷል። መሃሉ ላይ ግን ቀለሙ ተሰንጥቆ፣ የጫማ አፍንጫ የሚያህል ጎባጣ ምልክት ቀርቷል። ጣቷን ብታሳርፍበት ሻከራት።

"ይታያል" አለችው።

"ለሚፈልገው ነው የሚታየው። በይ አዙሪና ይሄን ጎን ከግንቡ አስጠግተሽ አቁሚያት፤ እኔ እጄን ልታጠብ። ፊትሽንም ፍቺው፤ ለቅሶ ቤት የገባሽ መሰልሽ።"

እሱ ወደ ቤት ገባ። እሷ ቁልፉን ከጡት መያዣዋ ውስጥ አወጣች፤ ከዚያን ዕለት ወዲህ ከሰውነቷ ለይታው አታውቅም። ሞተሩን አስነስታ ወደ ግንቡ ጥቂት ነዳችና ቆመች። ነገም ተረኛ ናት። ነገም ምጥ ሰዓት አያከብርም።

መሪውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘች። መኪናዋ ተጠማዛ ስትቆም የተፈነከተው በር ፊት ለፊት ከግቢው መዝጊያ ጋር ተፋጠጠ።

መዝጊያው ተንኳኳ። ባሏ እጁን እያደራረቀ ሲወጣ መኪናዋን አየና ፊቱ ጠቆረ።

"ምን አደረግሽ አንቺ?" አለ ጥርሱን ነክሶ።

አልፋው ሄዳ ከፈተች። ወንድሟ ጉንጯን ሳማት፤ ቀና ሲል ዓይኑ በሩ ላይ አረፈ።

"ይሄ ደግሞ ምን ነክቶት ነው?"

"ምሰሶ…" ብሎ ጀመረ ባሏ።

"እርግጫ ነው፣ ጋሼ" አለች። "እኔ ውስጥ ነበርኩ።"