የዋርሳዋ አውራ ጣት

ኧረ ወዲያ! ሰው ገጽ ለመግለጥ ብሎ ጣቱን ይልሳል? ልብስ ሰፊዋ ሌላውን ሁሉ ትችለዋለች፤ የዋርሳዋን አውራ ጣት ግን አልቻለችውም። የባሏ ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ የወጣው የጭነት መኪና ሹፌር፣ ጣቱን እስከ አንጓው አፉ ውስጥ ይከትና ያንን ምራቅ ወረቀቱ ላይ ይለጥፈዋል።

መጽሐፉ እንደ ጡብ የወፈረ ነው፤ ለሁለቱም ያለው አንድ ብቻ ነው። በየቀኑ ቀድሞ የሚያነበው እሱ ነው፣ ታላቅ ነዋ! ለእሷ የሚደርሳት ትራፊው ነው። የዘይት አሻራ፣ የተጨፈለቀ ዝንብ፣ አንዴማ ለምልክት የተቀመጠ ስቴኪኒ አገኘች፣ ያውም የተጠቀመበት! ያቅለሸልሻታል። ገጹን በመቀስ ጫፍ እያነሳች ነው የምታነበው።

ታዲያ ለምን አትተወውም? መተው አቅቷት ነዋ! የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ እሷን ግን በረዶ የሚተፉ ዘንዶዎች ያሉበት፣ ካርታው ከመጽሐፉ ሽፋን በቀር የትም የማይገኝ አገር ይናፍቃት ጀመር። ዓይነ ስውሯ ንግሥት ተራራውን ተሻግራ የተሰረቀ ልጇን ታገኘው ይሆን እያለች የሰው ሱሪ አጣማ ትሰፋለች።

ዛሬ እሱ ጨረሰና መጽሐፉን ጠረጴዛዋ ላይ ዘጭ አደረገው። ደስ ብሏት ስራዋን ጥላ አነበበች፣ አነበበች። ንግሥቲቱ የእስር ቤቱን በር ልትገፋ እጇን ዘረጋች። ከዚያ ወዲያ ሽፋን ብቻ!

«ጋሼ፣ መጨረሻው የት ሄደ?»

«ተገንጥሎ ነበር። የዓሣውን አጥንት ጠቅልዬበት ጣልኩት።»

«ጣሉት?»

«አንብቤዋለሁ እኮ!»

«እኔስ?»

«አሁን ልንገርሽ። ንግሥቲቱ...»

«እንዳይነግሩኝ!» ጆሮዋን ደፍና ወጣች።

የቆሻሻ በርሜሉን ክዳን ስታነሳ፣ ኡፍ! የበሰበሰ ሽንኩርት፣ ያገለገለ ዳይፐር፣ ከስር የሚርመሰመስ ነጭ ትል። እጅጌዋን ሰበሰበች። እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። ጥቅሉን ስትፈታ የዓሣው ጭንቅላት ዓይኑን አፍጥጦ አያት። ወረቀቱን በቀሚሷ ጠረገችና እዚያው በርሜሉ ስር ዘፍ ብላ ማንበብ ጀመረች።

ንግሥቲቱ በሩን ገፋችው። ከጨለማው ውስጥ አንድ ልጅ «ማነው?» አለ። ገጹ አለቀ። ቀጣዩ በዓሣ ስብ ተጣብቆ አልላቀቅ አላት። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከፊደሉ ሳትነቅል አውራ ጣቷን አፏ ውስጥ ከተተች፣ ላሰችው፣ ገጹን ገለጠች።

ዋርሳዋ በሩ ላይ ቆሞ ያያት ነበር። ፊቱን አጨማደደ።

«ኧረ ወዲያ! ያንን ጣት?»

አልሰማችውም፤ ሌላ አገር ነበረች።