ከስግደት ሲነሱ

«አልገልጥም አልኩ እኮ!» ቄስ አበጀ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ባለች ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ ጋቢያቸውን ደረታቸው ላይ ጨምድደው ያዙ።

የሚስታቸው የአማረች ደም ፈላ። ዐቢይ ጾም ከገባ ወዲህ ባለቤቷ ከስግደት ሲነሱ ደጋግመው ተዝለፍልፈው ወድቀዋል። ሰው ሁሉ «ጾሙ ነው» ይላል። የጤና ጣቢያው ባለሙያማ ጉድ ነው! ቄስን ልብስ ያውልቁ ማለት አፍሮ፣ ማዳመጫውን ጋቢው ላይ አሳርፎ «የልብ ቫልቭ ጠቧል» አለና የሚያሸና ክኒን ሰጣቸው። ክኒኑን ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ባሰባቸው።

«አፍረው ሊሞቱ ነው?» ጋቢውን ከትከሻቸው ገፈፈችው። «የምቀብርዎት እኔ ነኝ! ያን ጊዜ ማን ሊያፍርልኝ ነው?»

የክሊኒኳ ሐኪም ዶክተር ትርሲት ማዳመጫዋን ባዶ ደረታቸው ላይ አሳረፈች። «አባቴ፣ ቁጢጥ ይበሉ።» አብራቸው ቁጢጥ ብላ አዳመጠች። «አሁን ቀስ ብለው ይቁሙ።» ክንዳቸውን ደግፋ እንደገና አዳመጠች። ፊቷ ተለወጠ፤ አስደገመቻቸው።

«ልብዎ ሲመታ ሹው የሚል ድምፅ አለው» አለች። «ቫልቩ ጠቦ ቢሆን ሲቆሙ ድምፁ በቀነሰ ነበር። የእርስዎ ግን ቁጢጥ ሲሉ ይደክማል፣ ሲቆሙ ይጎላል። የልብ ጡንቻዎ ወፍሮ የደሙን መውጫ እያጠበበው ይመስለኛል። ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሄደው በአልትራሳውንድ ያረጋግጡ። ክኒኑ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፤ ሰውነትዎን አድርቆ ነው ያባሰብዎት። ስግደትም፣ ውሃ ሳይጠጡ መዋልም ይቅር።»

«ስቅለትን ሳልሰግድ? ሕዝቡን የማሰግደው እኔ ነኝ! ሞትም እንደሆነ እዚያው ይምጣ።»

«ጎሽ! ይምጣ!» አለች አማረች። «ልጆቹን ለማን ጥለው ነው?»

ትርሲት ቀና አለች። «ልጆች አሏችሁ? ይሄ በዘር ይተላለፋል። እነሱም መታየት አለባቸው።»

ቄሱ ወደ አማረች ዞሩ። ታላቁ ልጃቸው ዲያቆን ኪዳን ቤተ ልሔም በተባለው ጉባኤ ቤት የድጓ ዜማ ይማራል። በቀደም በስልክ «ስሰግድ ያዞረኛል» ሲላቸው «ጾም ነው፣ በርታ» ብለውታል።

«ደውይለት» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። «እንዳይሰግድ በይው። ዛሬውኑ ይምጣ።»

«እኔን ይሰማኛል? አባቱ እየሰገደ እሱ ሊተው?» ንዴቷ እንባ ሆኖ ወረደ። ደውላ ስልኩን እጃቸው ላይ አኖረችው። «ራስዎ ይንገሩት!»

ስልኩ ተነሳ።

«ኪዳን» አሉ ቄስ አበጀ። «ስግደቱን አቁም፣ ልጄ። እኔም አቁሜያለሁ።»