ቆይማ «ይበቃኛል» ያለ ዕለት

ሰፈሩ ሁሉ «ቆይማ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣችለት ታናሽ እህቱ ናት። እሷን ደግሞ እሱ በልጅነቷ «ሚጡ» ብሎ ሰይሟት፣ ፀጉሯ ሸብቶ መነጽር ካጠለቀች በኋላም ሚጡ እንደተባለች ቀርታለች። አንዲት ጠባብ ሱቅ ለሁለት ተካፍለው ይሠራሉ። በበሩ በኩል የእሷ የስፌት መኪና አለ፤ ከውስጥ በኩል እሱ ስልክና ታብሌት የሚጠግንበት ጠረጴዛ። በመሃል መጋረጃ ነበር፤ ሲከራከሩ ፊት ለፊት መተያየት ስላማራቸው አወረዱት።

ቆይማ ቀኑን ሙሉ የሰው ታብሌት ሲፈታና ሲገጥም ይውላል፣ የራሱ ግን የለውም። የሚፈልገው ለሥዕል ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ በካርቶን ጀርባ ላይ በእርሳስ የሰው ፊት ይሥላል፤ ሲሥል ደግሞ ቁርጥ ሰውየውን ነው። ታብሌት ላይ በብዕር እየሣሉ፣ ያላማረውን እያጠፉ፣ እንደገና እየሣሉ ማርጀት ነበር ምኞቱ። ግን ምን ዋጋ አለው! አዲስ ወጣ በተባለ ቁጥር ጉድለት አያጣለትም። የአንዱ ብዕር ለብቻው ይሸጣል፣ አንዱ የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ የለውም፣ የአንዱ ባትሪ በሙጫ ተለጥፏል። «ቆይማ፣ የሚቀጥለው ይሻላል» ይላል። ሳያገባ የቀረውም በዚሁ ጠባዩ ነው ብላ ሚጡ ትምላለች።

ሚጡ ሁልጊዜ የመግዛት ወገን ናት። «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ!» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላታል። ይህን ክርክር ለመስማት ብቻ ያልተቀደደ ሱሪ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ሥራ ፈቶች።

ዘንድሮ ግን ቆይማ ታመመ። ጉበቱን ነው። ሚጡ እያየችው ከሳ፤ ሱሪዎቹን አንድ በአንድ አጠበበችለት። ትርፉን ጨርቅ ግን አልቆረጠችም፣ ወደ ውስጥ አጥፋ ሰፋችው። ሲድን እተረትረዋለሁ ብላ ነው።

የዚያን ዕለት ጠዋት ብቻውን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ተመለሰ። «ምን አለህ?» ስትለው፣ «ምን ይላል፣ የሐኪም ነገር» ብሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። እሷም ነገሩን አልገፋችበትም። ሰው ከሚፈራው ነገር ጋር ተኮራርፎ ቢውል ምን ይፈረድበታል?

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ ስልኩን ከፍ አድርጎ እንደያዘ ዘሎ ገባ። «ወጣ! አዲሱን ታብሌት ዛሬ ይፋ አደረጉት!» አንድ ጡረታ የወጣ ሹፌርም ግማሽ ራሱን ተላጭቶ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ ተከትሎት መጣ። ስልኩን የክር ማጠንጠኛ ላይ አስደግፈው ከበቡት። ጥቁር ሹራብ የለበሰ ወጣት መድረክ ላይ ወዲያና ወዲህ እያለ፣ ታብሌቱን እንደ አራስ ልጅ በጥንቃቄ ያገላብጣል።

ሚጡ እጇን ስፌቷ ላይ አድርጋ በሆዷ ትጸልይ ጀመር። የምትጸልየው ጉድለት እንዲገኝበት ነው። ጉድለት ካገኘበት የሚቀጥለውን ይጠብቃል፤ የሚቀጥለውን የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ገና ለመኖር አስቧል ማለት ነው።

«ብዕሩ አብሮት ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳውስ የታለ?» አለ ሹፌሩ። «ቀዳዳውን ደፍነው ገመድ አልባ ግዙ ሊሉን ነው። ነገ ደግሞ መሪውን ነቅለው መኪና ይሸጡልናል።»

«አንተ ደግሞ! በዚህ ዘመን ማን ገመድ ይጎትታል?»

«ካርድ ማስገቢያም የለው። ምኑን አዲስ ሆነ?»

ሚጡ ደስ አላት። ጎሽ፣ ጨምርበት አለች በልቧ። ቆይማ ግን ዓይኑን ከስልኩ አልነቀለም። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ወደ እሱ ዞሩ።

«እስቲ አንተ ፍረደን» አለ ሹፌሩ። «ምን ይጎድለዋል?»

ቆይማ መነጽሩን አወለቀ። «ጥሩ ነው» አለ። «ይበቃኛል። ይህን እገዛለሁ።»

ፀጉር አስተካካዩ እልል አለ። ሹፌሩ «ጉድ ፈላ! ምጽአት ቀርቧል በሉኛ!» ብሎ በፎጣው ፊቱን እየጠረገ ሳቀ። ሚጡ ክው አለች።

«ምኑን ነው የምትገዛው?» ብላ ተነሣች። «ወንድም ጋሼ፣ ካርድ ማስገቢያ የለውም እኮ! አልሰማህም?»

«ምን የማጠራቅመው አለና ነው?»

«ብዕሩስ? ቻርጅ ካልተደረገ የማይጽፍ ብዕር የሞኝ ብዕር ነው ስትል አልነበረም?»

«ብዬ ነበር። ይሁን።»

«ምን ማለት ነው ይሁን! የሚቀጥለው ይሻላል። ሁሌ ይሻላል። ራስህ አይደለህ የምትለው?» ድምጿ እየቀጠነ ሄደ። ሁለቱ ሰዎች ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ፤ ዛሬ ደግሞ ወገን ተለዋወጡ እያሉ። «ባትሪውን በሙጫ ለጥፈውታል! በሁለት ዓመት ይሞታል። አንተም እንኳ አትቀይረውም። ለሁለት ዓመት ብለህ ነው የምትገዛው?»

«ሁለት ዓመት?» አለ ቆይማ ቀስ ብሎ። «ሚጡዬ፣ ሁለት ዓመት እኮ ለእኔ ይተርፈኛል።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ስልኩ ውስጥ ያለው ሕዝብ ብቻ ያጨበጭባል።

«ሐኪሙ ምን አለህ?» አለች። ጠዋት የሸሸችው ጥያቄ ነው፤ አሁን መሸሻ አልነበራትም።

«ክረምት እስኪገባ ብንደርስ ጥሩ ነው አለኝ። ደግ ሰው ነው። ብንደርስ ነው ያለው፣ አብሮኝ የሚሄድ ይመስል።»

ሚጡ መልሳ ተቀመጠች። እግሯ ሳይታወቃት የስፌት መኪናውን መርገጫ ተጫነው፤ መርፌው ባዶውን ጥቂት ሄዶ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ ዝምታ አይችልም፤ ሙያውም አላስለመደውም። ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቢያጣ ስልኩን አንሥቶ ከሥር ያለውን ጽሑፍ አነበበ።

«ለማንኛውም ገበያ ላይ የሚውለው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው ይላል።» ይህን ካለ በኋላ ነው ያለው ነገር የገባው። አፉን በእጁ ያዘ። ሹፌሩ በክርኑ ጎሸመው፤ ግን ቃል ከአፍ ከወጣ ምን ይመልሰዋል።

«ይኸው» አለ ቆይማ። «እሱም ጉድለት አላጣም።» ሊስቅ ነበር የፈለገው። ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እድሜውን በሙሉ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ እሺ ቢል፣ እሺ ያለው ነገር አይደርስለትም! ዓለም እንዲህ ያለች ክፉ ናት። ሚጡ ድምጿን ከፍ አድርጋ አለቀሰች፤ ማንም አይዞሽ አላላትም፤ ሹፌሩ ራሱ በፎጣው ያለቅስ ነበር።

ከዚያ አፍንጫዋን ተናፍጣ ተነሣች።

«ጃኬትህን ልበስ» አለችው።

«ወዴት ነው?»

«ታብሌት ልንገዛ። ያለውን፣ የአምናውን።»

«የአምናውን?» ቆይማ በእርጥብ ዓይኑ አፈጠጠባት። «ያንን ነው የምትገዢልኝ? መስመሩ እኮ ከብዕሩ ኋላ ኋላ ነው የሚመጣ!»

«ይምጣ። ተነስ።»

ሱቁን ለፀጉር አስተካካዩ ትታ ይዛው ወጣች። ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። የአስፋልቱን ዳር ይዘው፣ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ፣ በየመብራቱ ምሰሶ እየቆሙ ሄዱ። ታብሌት የሚሸጥበት ሕንጻ ከማዶ ይታያል፤ በጤናው ቀን ሲጋራ ሳይጨርስ የሚደርስበት መንገድ ነው።

«ጠርዙም ሰፊ ነው» አለ እያለከለከ። «ግማሹ ጠርዝ ነው። ደግሞ ሲሠራ ሲሠራ ይግላል።»

በሌላ ቀን ቢሆን ተረቷን ታወርድበት ነበር። ዛሬ ክርክሩን እንዲረታት ፈለገች፤ ብቻ አያቋርጥ።

«ሌላስ?» አለችው እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። «ሌላስ ምን ይጎድለዋል፣ ወንድም ጋሼ?»

ቆይማ ምሰሶውን ተደግፎ ቆመ። ትንፋሹን ሰበሰበና ከመጀመሪያው ጀመረላት።