የግራ ጎን ጉሸማ

አናጢው ልቡ ከደከመ ወዲህ እንደ ሰው ጋደም ብሎ መተኛት ቀርቶበት ነበር። ትንፋሽ ስለሚያጥረው በትራስ ተደጋግፎ፣ እንደ ተቀመጠ ነው የሚያነጋው። እግሩ አብጦ ጫማ አልገባ አለው፤ መጋዙን ገፋ ገፋ አድርጎ ያርፋል። ሐኪሙ የልቡ ግራና ቀኝ አብረው መምታት እንደ ተዉ አስረዳውና ከአንገቱ አጥንት ዝቅ ብሎ፣ ከቆዳው ሥር ትንሽ ማሽን ቀበረለት። ከማሽኑ የወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ሁለቱን ወገን እኩል እየቀሰቀሱ ያስመቱለታል።

ማሽኑ ሠራለት። እብጠቱ ጎደለ፤ ደረጃውን ሳያርፍ ወጣ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ከስንት ጊዜ ወዲህ በግራ ጎኑ ጋደም ቢል፣ ከጎድኑ ሥር አንድ ነገር ጎሸም አደረገው።

ክው አለ። ያቺን ጉሸማ ያውቃታል። ሟች ሚስቱ ሲያንኮራፋ በክርኗ እንዲህ ታደርገው ነበር፤ «መጋዝህን ሱቅ ትተህ አትመጣም?» እያለች። ዞር ብሎ ቢያይ አንሶላ ብቻ። በቀኙ ሲተኛ ዝም ይላል፤ ወደ ግራው ሲመለስ መልሶ ይጎሽመዋል።

መጀመሪያ ፈራ። ውሎ አድሮ ለመደው፤ ከዚያ ደግሞ ናፈቀው። ሥራውን እየተወ በቀን አልጋ ላይ መዋል አመጣ። ደንበኞቹ በሩን አንኳኩተው ይመለሳሉ፤ እሱ ለባዶው ጎን የጎረቤት ወሬ ያወራል። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

አንድ ቀን ሴት ልጁ ከሥራ ስትመለስ ድምፁን ሰምታ ገባች። ካንተ ጋር ማን አለ ብትለው ማንም የለም አላት። ጎኑ ግን ከሸሚዙ ሥር ሲዘል አየችው። እጇን ብታሳርፍበት መዳፏን መታት። ፊቷ አመድ መሰለ፤ በማግስቱ ጎትታ ሆስፒታል ወሰደችው።

የማሽኑ ባለሙያ ረጋ ያለች ሴት ናት። በግራ ጎኑ አስተኝታ ከኮምፒውተሩ ኃይሉን ጨመር ስታደርገው ሆዱ ዘለለ። አንዱ ሽቦ ትንፋሽ የሚያስገባውን ጡንቻ ነርቭ እየነካው መሆኑን፣ ነገሩ ከስቅታ እንደማይለይ፣ ያለ ቀዶ ጥገናም እዚያው እንደሚስተካከል ነገረችው።

«ብንተወውስ?» አላት።

ባለሙያዋ ግራ ገባት። ልጁ ግን ቀረብ ብላ፣ «ለምን አባዬ?» አለችው።

«እናትሽ መስላኝ ነበር።»

ልጅቷ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ ጋ ሳትመጣ አንተ ጋ ብቻ መጣች?» አለችው።

ሚስቱ ስትሞት የሞተችው ለእሱ ብቻ ይመስል፣ እስከ ዛሬ ይቺን ልጅ እንዴት ነሽ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ፊቱን ወደ ባለሙያዋ መለሰና አስተካክዪው አላት። ጥቂት ቁልፎች ተጫነች፤ ጎኑ ጸጥ አለ። ልቡ ግን እኩል መምታቱን አልተወም።

ቤት ሲደርሱ ልጁ እራት ልሥራ ብላ ወደ ጓዳ አለፈች። እሱ መኝታ ቤት ገብቶ በግራ ጎኑ ተጋደመ፤ ጠበቀ። ምንም የለም። ክፍሉ ያኔ የሚስቱ ሬሳ ሲወጣ እንኳ እንዲህ ባዶ አልሆነበትም። ተነሥቶ ጓዳ ሄደና ከልጁ አጠገብ ቆመ።

«እስቲ ስለ እሷ የምታስታውሺውን ንገሪኝ» አላት።

ልጅቷ ቢላዋውን አስቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። እሱም አብሯት።